አዲስ በተሠራ ቤት ዙሪያ የሚገኘውን የጓሮ አፈር ስለ ማሻሻል

የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ለብዙ ዓመታት ቆጥበው ቤታቸውን ሠርተው ሲገቡ ከሚያቅዱት ነገር አንዱ በግቢያቸው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ጥቂት ድንች አልምተው የገበያውን ወጪ መቀነስ ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ ወደ ልማት ሠራተኛው ይዘው የሚመጡት ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «አፈራችን መጥፎ ነው፤ ምን ማዳበሪያ እንጨምርበት?» የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ማዳበሪያ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ጥያቄ አለመሆኑን ነው። በአዲስ ቤት ዙሪያ የሚገኝ አፈር ብዙውን ጊዜ በተፈጥሮው ደካማ የሆነ አፈር አይደለም። ቦታውን የለቀቀ፣ የተገለበጠ፣ የተጠቀጠቀና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት አፈር ነው።

ይህን የምንለው እኛም ተሳስተን ስለ ተማርን ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በጥቁር መሬት ላይ ቤት የሠራ አንድ ማኅበር ምክር ቢጠይቀን፣ ቦታውን ሳናስቆፍር የአትክልቱን መቀጨጭ ብቻ አይተን ዳፕና ዩሪያ እንዲጨመር ነግረን ተመለስን። አባላቱም ገንዘብ አውጥተው የተባለውን ሁሉ ፈጸሙ። በነሐሴ ስንመለስ ውሃ የተኛበት መደብ ላይ ጎመኑ ከቀድሞው ብሶበት፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆኖ ጠበቀን። ያን ጊዜ ጉድጓድ አስቆፍረን ስናይ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ከሥሩ የብሎኬት ስባሪ፣ የስሚንቶ ከረጢትና ደርቆ የቀረ ልስን፣ ከዚያ በታች ደግሞ የቀድሞው የጤፍ ማሳ አፈር እንዳለ ተቀብሮ አገኘነው። ማዳበሪያውን ያበላነው ለገረጋንቲ ኖሯል።

በአፈሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት

እንደሚታወቀው የአፈር ለምነት በአብዛኛው የሚገኘው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆነው የላይኛው ንጣፍ ውስጥ ነው። የበሰበሰው ቅጠልና ሥር፣ የምድር ትሉ፣ በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ሕያዋን፣ እንዲሁም ተክል የሚመገበው ናይትሮጅን አብዛኛው በዚሁ ንጣፍ ውስጥ ይኖራል። ለመሠረት ሲቆፈር የታችኛው አፈር ወጥቶ በዚህ በላይኛው ላይ ይደፋል። ቀጥሎም አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ይመላለስበታል፤ ብሎኬት ይከመርበታል፤ ስሚንቶ ይቦካበታል። ሥራው በዝናብ ወራት የተካሄደ እንደ ሆነ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱም እርጥብ አፈር ሲረገጥ አየርና ውሃ የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ከደረቀም በኋላ ሥር የማይበሳው ወለል ይሆናል።

የስሚንቶና የኖራ ትርፍ ደግሞ ሌላ ዓይነት ችግር ያስከትላል። ሁለቱም የአፈሩን ፒ.ኤች. ከፍ ያደርጉታል። ከልክ ሲያልፍ ብረትና ዚንክን የመሳሰሉት ንጥረ ነገሮች በአፈሩ ውስጥ እያሉ ተክሉ ሊወስዳቸው አይችልም፤ ፎስፎረስም ይታሰራል። የልማት ሠራተኛው የቢጫነቱን ዓይነት ለይቶ ማየት ይገባዋል። አዲስ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ ከሆነ የሚጠረጠረው የብረት እጥረት ነው፤ ይህም የስሚንቶ ትርፍ ባለበት ቦታ የተለመደ ነው። ቢጫነቱ ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች የጀመረ እንደ ሆነ ግን የናይትሮጅን ማነስ ነው፤ ወይም ሥሩ በውሃ ታፍኗል ማለት ነው። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ በቀን ከጠወለገ በይበልጥ የሚጠረጠረው የኋለኛው ነው።

በመጀመሪያ ቆፍሮ ማየት

ምክር ከመስጠት በፊት በግቢው ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በግድግዳው አጠገብ፣ በግቢው መካከልና በአጥሩ ሥር፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ማስቆፈር ያስፈልጋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስቱ ጉድጓዶች ሦስት ዓይነት አፈር ሊያሳዩ እንደሚችሉ በተደጋጋሚ ተመልክተናል። በየጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቀለሙን ለውጥ፣ የስባሪውን መጠንና የቀድሞው አፈር የሚጀምርበትን ጥልቀት መዝግቦ መያዝ ነው።

የመጠቅጠቁን መጠን ለማወቅ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ይበቃል። አፈሩ በመጠኑ ሲርስ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጅ ኃይል ወደ ታች ይገፋል። አንድ ክንድ ያህል ያለ ችግር ከገባ መሬቱ ደህና ነው። በአንድ ስንዝር ላይ ከቆመና ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎም በዚያው ጥልቀት ከቆመ የተጠቀጠቀ ንጣፍ አለ። እየተንኳኳ እዚህ ገብቶ እዚያ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ስባሪ ነው።

የውሃውን መስረግ ለማየት ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፣ ውሃው ሲሰርግ እንደ ገና መሙላትና ሁለተኛውን በሰዓት መለካት ነው። በአንድ ሰዓት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከቀነሰ ለአትክልት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ግዴታ ይሆናል። ለስሚንቶውና ለኖራው ደግሞ ከደረቀው አፈር አንድ ጭብጥ በሰሐን አድርጎ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው፤ ቢንጫጫና አረፋ ቢያወጣ ኖራማ ነገር አለበት። ነገር ግን በቢሾፍቱ አካባቢ እንዳለው ባለ አንዳንድ ጥቁር መሬት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ነጫጭ የኖራ ጠጠሮችም እንዲሁ ስለሚንጫጩ፣ ከግቢው ውጭ ካለ ያልተነካ መሬት አፈር አምጥቶ ማወዳደር ይገባል።

ጥቁር መሬትና ቀይ መሬት አንድ አይደሉም

በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት በጥቁር አፈር የተሸፈነ መሆኑ ይገመታል። በአዲስ አበባ በደቡብና በምሥራቅ ያሉት ሜዳዎች አብዛኛዎቹ እንዲህ ዓይነት መሬት ናቸው። ይህ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ግንበኞች ለመሠረት አይወዱትም፤ ቆፍረው አውጥተው በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላሉ። ስለዚህ በጥቁር መሬት ላይ የጓሮው ዋና ችግር ገረጋንቲውና የውሃው መተኛት ነው። ጥቁሩ አፈር ራሱ በየዓመቱ እየተሰነጠቀና የላዩ ወደ ሥንጥቁ እየገባ የሚገላበጥ በመሆኑ የታችኛው ከላይኛው ያለው ልዩነት እንደ ቀይ መሬት የጎላ አይደለም። ከመሠረት የወጣውን ጥቁር አፈር «የታች አፈር ነው» ብሎ ከግቢ ማስወጣት ስሕተት ነው።

በእንጦጦ ግርጌና በሆለታ አካባቢ እንዳለው ባለ ቀይ መሬት ላይ ነገሩ ይለያል። ቀዩ አፈር ጥልቅ ነው፤ ውሃም ያሳልፋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ሲሆን ፎስፎረስን አጥብቆ ይይዛል፤ ከታች የወጣው ደግሞ ብስባሽ የሌለው በመሆኑ ሲያዩት ያማረ፣ ሲዘሩበት የማያበቅል ይሆናል። በዚህ ዓይነቱ መሬት ላይ የምድጃ አመድ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ያህል በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይጠቅማል። አቼቶ የሚያንጫጫ አፈር ላይ ግን አመድ መጨመር በቁስል ላይ እንጨት እንደ መስደድ ነው። የእርሻ ኖራም ቢሆን የአፈር ምርመራ ውጤት ሳይታይ በግምት ሊጨመር አይገባውም።

የማጽዳትና የማላላት ሥራ

ከሁሉ በፊት ስባሪው መልቀም አለበት። ጠጠሩን አንድ ሳይቀር በወንፊት ማጣራት አያስፈልግም፤ ከጡጫ የሚበልጠውን ድንጋይና ብሎኬት፣ ሚስማሩን፣ ሽቦውን፣ ላስቲኩንና የስሚንቶ ከረጢቱን ማውጣት ይበቃል። ስሚንቶ የተቦካበት ቦታ ግን ደርቆ የተጋገረው ቅርፊት ከነአፈሩ ተነሥቶ ለመተላለፊያ መንገድ መደልደያ ይዋል። ካሳ ፎርማው ወይም የአጥሩ እንጨት በተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ እንደ ሆነ ዘይቱ የፈሰሰበትን አፈር እንዲሁም ቀለምና የቀለም መቅጠኛ የተደፋበትን ቦታ ለሚበላ ተክል አናውልም። በመሠረቱ ዙሪያ የምስጥ መድኃኒት መረጨቱንም ባለቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚፈስ ውሃም ቢያለመልም እንኳ ለአትክልት አይጠጣም።

ቀጥሎ የተጠቀጠቀው ንጣፍ ይሰበራል። በዲጂኖና በዶማ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማላላት ያስፈልጋል። ሲቆፈር የላይኛውን አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን እያደረጉ፣ በመጨረሻም የታችኛውን ወደ ታች፣ የላይኛውን ወደ ላይ መመለስ ነው። የቀድሞው ጥሩ አፈር ከገረጋንቲ ሥር ተቀብሮ ከተገኘ ደግሞ ገረጋንቲው ተጠርጎ ይውጣ። አድካሚ ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የሚሠራ ነው።

የሥራው ወቅት በጥቁር መሬት ላይ ከሁሉም ይበልጣል። በክረምት ቢቆፍሩት ጭቃው እየተለሰነ ይብሳል፤ በመጋቢት ቢቆፍሩት ዶማ አይገባውም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ ተያይዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስበት ጊዜ አለ፤ ይህ ጊዜ እንዳያመልጥ የልማት ሠራተኛው ማኅበሩን አስቀድሞ ማሳሰብ ይኖርበታል።

ጭቃን በአሸዋ አላላለሁ የሚል ሰው ብዙ ነው። ከሕንፃ የተረፈ ጥቂት አሸዋ በጥቁር አፈር ላይ ሲጨመር አፈሩ ጡብ ይመስላል እንጂ አይላላም፤ ለውጥ የሚያመጣው የአሸዋ መጠን ለአንድ ግቢ የማይሞከር ነው።

ውሃው የሚተኛበት ቦታ ላይ ስፋታቸው ከ1 እስከ 1.2 ሜትር፣ ከፍታቸው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ መደቦች ሠርቶ በመካከላቸው ወደ ዝቅተኛው ወገን የሚያዘነብል ቦይ ማውጣት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በጥቁር መሬታቸው ላይ መደቡን በእጃቸው እየሠሩ የክረምቱን ውሃ ሲያሳልፉ ኖረዋል። ከአሸንዳ የሚወርደውም ውሃ በመደቡ ላይ ሳይሆን በቦይ እንዲሄድ ወይም በበርሚል እንዲጠራቀም መደረግ አለበት። በጥቁር መሬት ላይ መደቡ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ፤ በመሠረቱ አጠገብ እያጠጡ ማርጠብና ማድረቅ አፈሩን እያሳበጠና እያኮማተረ ግድግዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ለጎመን ሲባል ቤት አይሰነጠቅም።

ስለ ብስባሽ

የተላላው አፈር ብስባሽ ካላገኘ በሁለት ክረምት ተመልሶ ይጠቀጠቃል። ጥቁሩን የሚያላላው፣ ቀዩን የሚያለማው፣ የስሚንቶውንም ጉዳት ቀስ በቀስ የሚያለዝበው ይኸው ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር አረንጓዴ አረም በሚበዛበት ጊዜ ርዝመቱም ስፋቱም 1.5 ሜትር የሆነ ቦታ ተመርጦ ከሥር ጭራሮ ይነጠፍበታል። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭድ፣ ገለባ ወይም የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር አረንጓዴ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ፍግ፣ ከላይም ጥቂት ጥሩ አፈር እየተደረገ እስከ 1.2 ሜትር ይከመራል። የቡና አተላም ይገባበታል። እርጥበቱ ልክ የሚሆነው አንድ ጭብጥ ተወስዶ ሲጨመቅ ጠብታ ሊወጣው ሲል ነው። አንድ ረዥም እንጨት በመካከሉ ተሰክቶ ይቆይ፤ ከሳምንት በኋላ ሲመዘዝ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው ተይዟል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመር፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታልና ይገለበጥ። በየሦስት ሳምንቱ ከተገለበጠ በደጋው አየር ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል።

ከአናጢ ሥራ የተረፈው ሰጋቱራ በአዲስ ቤት ግቢ ሁሉ አለ። ወደ አፈሩ በቀጥታ ከገባ የሚያበሰብሱት ሕያዋን ለራሳቸው ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙ ተክሉ ይራባል። በብስባሹ ክምር ውስጥ በስሱ፣ ከፍግ ጋር ከሆነ ግን ይጠቅማል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስና የሌላውን ተክል ዕድገት ስለሚገታ ባይገባ ይሻላል።

መጠኑ እንደሚከተለው ነው። የተጎዳ አፈር በመጀመሪያው ዓመት የ5 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ በላዩ ተነጥፎ ከ20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር መዋሐድ አለበት። ይህም ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሊትር፣ ወይም 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ሁለት ባልዲ ተኩል ነው። ከላይ የተነገረው ክምር በስብሶ ወደ ግማሹ ስለሚወርድ ከ25 ካሬ ሜትር የበለጠ አይሸፍንም። ስለዚህ ባለ 40 ካሬ ሜትር ጓሮ ያለው አባል በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ልድረስ ቢል ሁሉንም ያሳሳዋል። ግማሹን በሚገባ ሠርቶ ግማሹን ለከርሞ ማቆየት ይሻላል። ማኅበሩ በጋራ ከወተት ላሞች አርቢዎች ፍግ በመኪና ማስመጣት ከቻለ ሥራው ይፋጠናል። ያልበሰበሰ ፍግ ግን ሳይበስል የሚበላ እንደ ሰላጣና ካሮት ያለ አትክልት ከመሰብሰቡ ከ4 ወር ወዲህ ወደ መደቡ መግባት የለበትም።

በመጀመሪያው ዓመት የሚዘራው

ካሮት ባይቸኩሉበት ይሻላል፤ ጠጠር ባለበት ሥሩ እየተሰነጠቀ እንደ ጣት ይሆናል። ዱባ፣ የአበሻ ጎመንና ድንች የመጀመሪያውን ዓመት ይችላሉ፤ ኖራ ለበዛበት ቆስጣና ቀይ ሥር ይሻላሉ። ብስባሽ ያልደረሰው ግማሽ ባዶውን አይደር። ባቄላ ወይም አተር ተዘርቶበት፣ ገና አበባ ሲጀምር ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ቢገለበጥ ናይትሮጅን ይተውለታል። ውሃ በሚይዝ ጥቁር መሬት ላይ ጓያ ይችላል፤ በኮምጣጣው ቀይ መሬት ላይ የጎጃም ገበሬ የሚያውቀው ግብጦ ጥሩ ነው፤ ስሚንቶና ኖራ ባለበት ግን ግብጦ አይስማማውም።

ዩሪያም ሆነ ሌላ ማዳበሪያ የሚታሰበው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው መስረግ ጀምሮ፣ ብስባሹም ገብቶ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢገረጡ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ዩሪያ ከተክሉ ሥር ራቅ አድርጎ በትኖ መኮትኮት በቂ ነው።

ገና ላልሠሩ ማኅበራት

አንዳንድ አባላት በዚህ ሁሉ ፈንታ በገልባጭ መኪና አፈር ገዝተው ያስደፋሉ። አፈሩ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ መኖራቸውን ስላሳዩ፣ ከከተማ ወንዝ ዳር የመጣ ደለል ለሚበላ ተክል እንዳይገዛ አጥብቀን እንመክራለን። ከሌላም ቦታ ቢሆን የእንግጫ ሥር ይዞ የመጣ አንድ መኪና አፈር ለብዙ ዓመት የአረም ሥራ ይሆናል።

የሚያስቆጨው ሌላው ነገር ነው። የአንድ ቤት ወለል 80 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ከሥሩ ያለው የ20 ሳንቲ ሜትር የላይኛ አፈር 16 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ይህም አንድ ትልቅ ገልባጭ መኪና ሙሉ ነው። ባለቤቱ በኋላ በገንዘብ የሚገዛውን ያህል አፈር ከሳሎኑ ሥር ቀብሮታል ማለት ነው። በ40 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ ቢበተን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆን ነበር።

ስለዚህ መሬት ተረክበው ግንባታ ያልጀመሩ ማኅበራት ከተቋራጩ ጋር በሚዋዋሉበት ጊዜ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ከወለሉና ከመኪና መግቢያው ላይ በደረቅ ወቅት አስቀድሞ ተጠርጎ በአጥሩ ጥግ እንዲከመር በውሉ ያስጽፉ። ክምሩ ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ ከዚያ ካለፈ ውስጡ ይታፈናል። መኪና እንዳይወጣበት፣ ስሚንቶም እንዳይቦካበት በእንጨት ይታጠር። ሥራው ክረምትን የሚሻገር ከሆነ ዝናብ እንዳያጥበው ባቄላ ወይም አተር ይዘራበት። ከመሠረት የሚወጣው የታችኛው አፈር በሌላ ወገን ለብቻው ይደፋ፤ ሁለቱን ክምሮች ለይቶ የሚጠብቅ ሰውም ማኅበሩ ከአባላቱ መካከል ስሙን ጽፎ ይመድብ፤ የቀን ሠራተኛው በየሳምንቱ ይለዋወጣልና።